አርባ ሺህ ተከታይ ወይስ ሦስት መቶ ደንበኛ?

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘጉ። ሰበቡ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው ውዝግብ ነበር። የተከፈቱት ግን ውዝግቡ ከረገበ ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ ነው። በመሀል ሚያዝያ 8 ቀን ፋሲካ ዋለ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ የሚጦፈው የሠርግ ወቅትም መጥቶ ሄደ። የሐበሻ ቀሚስ በኦንላይን ለሚሸጥ ሰው ከጥምቀት ቀጥሎ ዓመቱን የሚሸከሙለት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ብዙ ሻጮች በዚያን ጊዜ ቪፒኤን (የተዘጋን ገጽ የሚያስከፍት መተግበሪያ) ጭነው መለጠፋቸውን ቀጠሉ። ችግሩ የገዢው ነበር። ቪፒኤን መጫን ለወጣቱ ቀላል ነው፤ ለልጇ መልስ ቀሚስ የምታሠራው እናት ግን በዚያ አትቸገርም፣ ስልኩን አስቀምጣ ሽሮ ሜዳ ትወጣለች። በእነዚያ አምስት ወራት የስልክ ጥሪ ይሠራ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሠራ ነበር። ኢሜይልና ተራ ድረ ገጽም እንደዚያው። የደንበኞቹን ቁጥር በአንድ ቦታ መዝግቦ የያዘ ሻጭ የሚደውልበት ነበረው። የደንበኞቹ አድራሻ በቴሌግራም ውይይት ውስጥ የቀረበት ሻጭ ግን የራሱን ሥራ ማየት አልቻለም።

አደጋው ከመንግሥት ብቻ የሚመጣ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በኩባንያው በራሱ ስሕተት ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። የማስታወቂያውም ነገር አለ። ለፌስቡክ «ቡስት» (ልጥፍን ለብዙ ሰው ለማሳየት) የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት የ10 ዶላር ማስታወቂያ በባንክ ተመን 570 ብር አካባቢ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው 10 ዶላር ከ1,000 ብር በላይ ሆነ። ቀሚሱ ያው፣ ተመልካቹ ያው፣ ወጪው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

የባለሱቁ ደብተር

የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚከፍል፣ የማን ቤት በወር ስንት ኪሎ ስኳር እንደሚጨርስ ከደብተሩ ላይ ያውቃል። ብዙው የኦንላይን ሻጭ ግን አርባ ሺህ ተከታይ ይዞ ይህን አያውቅም። «ባለፈው ጥምቀት ከገዙህ ሰዎች ስንቱ ተመልሰው መጡ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የሚያውቀው የመጨረሻው ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ነው።

ነገሩን በሥራ አቅም ብናሰላው ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ሸማኔ የአንድ ቀሚስ ጨርቅ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል እንበል፤ ጥበቡ ሰፊ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ትዕዛዝ ኅዳር 20 ቢዘጋ እስከ ጥር 11 ድረስ 51 ቀን አለ። የመጨረሻው ሳምንት ለስፌትና ለማድረስ ሲቀነስ አንድ ሸማኔ ሦስት ቀሚስ ያወጣል። አሁን በደብተር ላይ 300 የቀድሞ ገዢዎች አሉ እንበል፤ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ለጥምቀት ድጋሚ ቢያዝ 30 ቀሚስ ነው። ያ የአሥር ሸማኔ ሥራ ነው። ሁለት ሸማኔ ይዞ የሚሠራ ሰው ለዚህ በዓል ተጨማሪ አርባ ሺህ ተመልካች ቢመጣለት ምን ያደርግለታል? ትዕዛዝ ተቀብሎ አለማድረስን ነው የሚያተርፈው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ጥር 12 የደረሰ ቀሚስ ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም።

ደብተሩ ውድ ነገር አይደለም፤ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃል። በአንድ መስመር አንድ ትዕዛዝ ይገባል። ስም፣ ስልክ፣ የሚደርስበት ቦታ ከነምልክቱ («ጀሞ 1፣ ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር»)፣ የታዘዘው ሥራ፣ ዋጋ፣ የታዘዘበትና የደረሰበት ቀን፣ ለየትኛው በዓል ወይም ድግስ እንደሆነ። ለቀሚስ ደግሞ ልኬት ይጨመራል፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ እግር ቁመት። ልኬቱ ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው፤ ልኬቷ ያለበት ደንበኛ ሁለተኛ ስታዝ አንድ ጥሪ ይበቃታል፣ ሌላ ሻጭ ጋ ብትሄድ ግን እንደገና ሜትር ይዛ መቆም አለባት። ብዙዎች የሚዘሉት ዓምድ «ከየት ሰሙን?» የሚለው ነው። ስድስት ወር ያህል በትክክል ከተሞላ ገንዘብ የሚያመጣው ቲክቶክ ይሁን፣ የጉግል ካርታ ይሁን፣ ወይስ የአንዲት ደንበኛ እኅት፣ ያሳያል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ሻጩ ከጠበቀው የተለየ ነው።

ያለፉትን ደንበኞች ከዜሮ መፈለግ አያስፈልግም። የቴሌብርና የባንክ ገቢ ዝርዝር ስምና ቀን ይሰጣል፤ የስልኩ የጥሪ ታሪክና የድሮ መልእክቶች ቀሪውን ይሞላሉ። ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሆኖም ቁጥር መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ለማስታወቂያ መጠቀም ሌላ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ መጠየቅ ከጨዋነት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። ዕቃው ሲደርስ «አዲስ ሥራ ሲወጣ በወር ቢበዛ አንዴ መልእክት ብንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከነቀኑ በደብተሩ መጻፍ ነው። «አይ» ያለ ሰው ስሙ ለትዕዛዙ ሲባል ይቀመጣል፤ ከመላኪያው ዝርዝር ግን ይወጣል።

ሰባ ፊደል

አጭር የጽሑፍ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወሰን አለው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው፤ ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። ስለዚህ 71 ፊደል የጻፈ ሰው የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል። በላቲን ፊደል በተጻፈ ረጅም መልእክት መጨረሻ ላይ በስሕተት አንድ አራት ነጥብ ቢገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። የሳቅና የአበባ ምስሎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ የሁለት ፊደል ቦታ ይወስዳሉ።

እንዲህ ያለ መልእክት እንውሰድ፦

«ሰላም ወ/ሮ አልማዝ፣ የጥምቀት ትዕዛዝ ኅዳር 20 ይዘጋል። ልኬትዎ አለን፤ ለማዘዝ 1 ብለው ይላኩ።»

ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 63 ነው። 7 ይቀራል፤ ለአንድ ክፍት ቦታና ለስድስት ፊደል የሱቅ ስም ይበቃል። መልእክቱ ውስጥ «ታላቅ ቅናሽ» የለም፤ «ውድ ደንበኛችን» የለም። የደንበኛዋ ስም፣ የመጨረሻ ቀን፣ ልኬቷ እንደተያዘ፣ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ አለቀ። ስም የሌለው የጅምላ መልእክት ከሎተሪና ከጥሪ ማሳመሪያ ማስታወቂያዎች ጋር ተቀላቅሎ ሳይነበብ ይጠፋል።

የሚላክበት ቀን ከሥራው ይቀዳል እንጂ ከበዓሉ አይደለም። ትዕዛዙ ኅዳር 20 የሚዘጋ ከሆነ የመጀመሪያው መልእክት በጥቅምት መጨረሻ፣ ደመወዝ ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ይሄዳል፤ ለዝምተኞቹ ሁለተኛው ኅዳር 15 ገደማ። እሑድ ጠዋት አይላክም፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም እንደዚያው። «1» የሚል መልስ እንዲመጣ ከተፈለገ የሚላክበት ቁጥር መልስ መቀበል የሚችል መሆኑን አስቀድሞ በራስ ስልክ መሞከር ያስፈልጋል። አንዳንዱ የጅምላ መላኪያ የድርጅት ስም ብቻ ያሳያል፤ ደንበኛዋ መመለስ አትችልም፣ ሻጩም «ማንም አልፈለገም» ብሎ ይደመድማል።

ዋትሳፕን በምትኩ የሚጠቀሙ ሻጮች ሁለት ነገር ይወቁ። አንድን መልእክት በአንዴ ለብዙ ሰው የሚልከው የብሮድካስት ዝርዝር 256 ሰው ብቻ ይይዛል፤ ከእነሱም መልእክቱ የሚደርሰው የሻጩን ቁጥር በስልካቸው ላይ ላስቀመጡት ነው። «ላክሁ፣ አልደረሰም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ዕቃ ሲያስረክቡ «ቁጥራችንን በስሙ ይያዙት» ማለት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ፈላጊው በየትኛው ሀ ይጽፋል?

ማስታወቂያ ያልፈለገን ሰው ያስቆማል። በጉግል የሚፈልግ ግን ራሱ ፈልጎ የመጣ ሰው ነው፤ ለመግዛትም ቅርብ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። «ሐበሻ ቀሚስ» የሚል አለ፣ «ሀበሻ» የሚል አለ፣ «ሃበሻ» የሚልም አለ። ጸጉር በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ ይጻፋል። ውጭ አገር ያለው ደግሞ አብዛኛው በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው፣ ያውም እንዳሰኘው እየጻፈ። ስለዚህ በሻጩ ድረ ገጽ ርእስ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት አጻጻፍ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በጽሑፉ መሀል፣ በፎቶ መግለጫና በጥያቄና መልስ ውስጥ ቦታ ይፈለግላቸዋል። የላቲኑ ለብቻው አንድ ገጽ ቢኖረው ይሻላል። ፊደል ጠባቂ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል፤ ገዢው ግን መምህሩን ሊያስደስት አይደለም የሚፈልገው።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ዋጋንና ዝርዝርን በፎቶው ላይ መጻፍ ነው። ያማረ ግራፊክስ ይሠራል፣ ዋጋው፣ ቁጥሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምስሉ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ አንድ ቃል የለም። የፍለጋ ሞተር በዋናነት የሚይዘው ጽሑፍ ነውና ገጹ ለፍለጋ ባዶ ሆኖ ይቀራል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውም ልማድ ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣ ነው። እዚያ አስተያየት ያበዛል ተብሎ ይሠራበታል፤ በድረ ገጽ ላይ ግን ጎብኚን ከማባረር በቀር ምንም አይጠቅም። ዋጋው እንደ ጥበቡ የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ ይቻላል።

በጉግል ካርታ ላይ የንግድ መገለጫ መክፈት በነፃ ነው። ከመክፈት በፊት የሱቁ ስም አስቀድሞ በሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ መፈለግ ይገባል፤ ቀድሞ እዚያው ቤት የነበረው ፀጉር ቤት ምልክት አሁንም በካርታው ላይ በዚያው ቦታ ተተክሎ ሊሆን ይችላል። ስሙ በሱቁ ታፔላ ላይ ያለው መሆን አለበት። «የሐበሻ ቀሚስ በርካሽ አዲስ አበባ» ብሎ ቃል መጨመር ከደንቡ ውጪ ነው፣ መገለጫውን ያሳግዳል። የካርታው ምልክት ሕንፃው ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ ይተከል። ሱቅ ሳይኖረው ከቤት ሆኖ ራሱ የሚያደርስ ሻጭ አድራሻውን ደብቆ የሚያዳርስበትን አካባቢ ብቻ ማሳየት ይችላል፤ ከደንበኛ ጋር ፈጽሞ ፊት ለፊት የማይገናኝ ንግድ ግን ለዚህ መገለጫ አይበቃም። ማረጋገጫው በቪዲዮ ሊጠየቅ ስለሚችል መንገዱን፣ ታፔላውንና የሱቁን ውስጥ ሳያቋርጡ አንድ ላይ መቅረጽ ነው። በድሮ ጊዜ መገለጫው ነፃ ድረ ገጽም ይሰጥ ነበር፤ ጉግል ያንን በማርች 2024 ዘግቶታል፣ የራስ ገጽ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ገጹ ቀላል ይሁን። ከስልክ የወጣ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክስል አውርዶ ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረግ ይቻላል፣ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። አሥር ያልተቀነሰ ፎቶ የተደረደረበት ገጽ የደንበኛውን ፓኬጅ እየበላ ገና ሳይከፈት ይተዋል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን። ከምርቶቹ ሌላ ሁለት ሦስት የሚጠቅም ገጽ ቢኖር ፍለጋን ለዓመታት ያመጣል፦ ልኬት በቤት እንዴት እንደሚወሰድ ከነሥዕሉ፣ የፈትል ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ (ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጨመቅ ጥላ ላይ)፣ መነንና ፈትል በምን እንደሚለዩ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ቀሚስ ያለው ወይም ሊገዛ የተነሣ ነው።

የዶሜይን ስምን (የድረ ገጹን አድራሻ) በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በባለቤቱ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት፣ በዓመቱ ሳይታደስ ቀርቶ፣ ስልኩም የማይሠራ ሲሆን የሚከተለው ጭንቅ የታወቀ ነው። ዶት ኮም ሆነ ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ የሚያበቃበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ከወር በፊት ምልክት ይደረግበት።

ክፍያው፣ ባሕር ማዶው

ክፍያ ላይ በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር ወይም እንደ ቻፓ ባሉ የክፍያ መግቢያዎች መቀበል ይቻላል። ገንዘብ የሚጠፋው ግን በቴክኖሎጂው ብዙም አይደለም፤ ስክሪንሹት እንደ ክፍያ ሲቆጠር ነው። የተቀነባበረ የዝውውር ምስል መሥራት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሞተረኛውም ዕቃውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሥርዓቱ እንዲህ መሆን አለበት፦ ምስሉ አይታይም፤ የግብይት ቁጥሩ (በንግድ ባንክ በኤፍቲ የሚጀምረው) ይጠየቃል፣ ከራስ ሒሳብ ላይ ገቢ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሞተረኛው «አስረክብ» ይባላል።

ለውጭ አገር ደንበኞች ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ ኢሜይል ያዋጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ለሠርግ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ያቅዳል፣ ረጅም ማብራሪያም ያነባል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ላኪው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ግድ አድርገዋል። በብዛት ለሚልኩት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉት ሦስቱ መዝገቦች በዶሜይኑ ላይ ተሞልተው መገኘት አለባቸው። ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ) የሚሸጠው ድርጅት ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ይሞላቸዋል፤ ጠይቆ ማስሞላት ነው። በነፃ የጂሜይል አድራሻ ስም በጅምላ መላኪያ መላክ ግን በቀጥታ ወደ ስፓም (የአላስፈላጊ መልእክት ማጠራቀሚያ) መጣል ነው።

ባሕር ማዶ የሚልክ ሻጭ አሁን ሊያስረዳው የሚገባ አዲስ ነገርም አለ። ወደ አሜሪካ ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ታግዷል። ደንበኛዋ ይህን ከሻጩ ካልሰማች ከመልእክተኛው ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ንዴቷ የሚያርፈው ሻጩ ላይ ነው። ዝርዝር ያለው ሻጭ አንድ ኢሜይል ጽፎ፣ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በገጹ ላይ አስቀምጦ ይገላገላል።

የማይሠራበት ቦታ

ይህ ሁሉ ለሁሉም ንግድ አይሆንም። የስልክ ሽፋንና የጸጉር ማስያዣ የሚሸጥ ሰው የደንበኛ ልኬት ይዞ ምን ያደርጋል? እዚያ ቲክቶክ ሥራውን ይሥራ። ዛሬ የጀመረ ሰውም ደብተሩ ባዶ ስለሆነ እንግዳ ሰው የሚያይበት አደባባይ ያስፈልገዋል። ግን ከመጀመሪያው ገዢ ጀምሮ ይመዝግብ። ደብተር ያለው ሻጭ ማኅበራዊ ሚዲያን መተው የለበትም፣ መለጠፉን ቢቀጥል ነውር የለውም፤ በየልጥፉ መጨረሻ ስልክ ቁጥሩንና የድረ ገጹን ስም ካስቀመጠ።

አዲስ ሰው ለማግኘት ሌላው መንገድ ቀድሞ የገዛው ሰው ነው። በማሸጊያው ውስጥ የደንበኛዋ ተራ ቁጥር ያለበት ትንሽ ካርድ ይገባል፤ ካርዱን ይዛ የመጣች ጓደኛ የማድረሻ ሒሳብ ይቀርላታል፣ ላኪዋ ደግሞ ቀጣዩ ነጠላ በቅናሽ ይሰጣታል። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች፣ የሙሽራ ሜካፕ ሠሪዎችና ዲኮሬተሮች ጋርም በአንድ ትዕዛዝ ይህን ያህል ብሎ ቁርጥ ኮሚሽን መዋዋል ይቻላል። በመቶኛ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው፤ ስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነውና።

ደብተሩ ራሱ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። በሳምንት አንዴ ቅጂው ከስልኩ ውጪ ይቀመጥ። ሠራተኛ የሚሞላው ከሆነ በባለቤቱ አካውንት ተከፍቶ ለእሷ የመጻፍ ፈቃድ ብቻ ይሰጣት፤ ሥራ ስትለቅ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሣል። ታፔላው ላይ፣ ካርዱ ላይ፣ ካርታው ላይና በሦስት መቶ ሰው ስልክ ውስጥ የተመዘገበው ሲም በማን ስም እንደወጣም መጣራት አለበት። ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በቀድሞ ሠራተኛ ስም ሆኖ ይገኛል፤ ስልኩ የጠፋ ዕለት ምትክ ሲም የሚሰጠው መታወቂያ ይዞ ለመጣው ለዚያ ሰው ነው።